የቴሌቪዥን ዜና ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምሽቱ ዜና በአርዕስተ ዜና ተከፍቶ በአየር ጠባይ ሲዘጋ፣ በመካከል ያየነው ሁሉ ራሱን በራሱ የደረደረ ይመስላል። በአሜሪካ ታላላቅ ጣቢያዎች የግማሽ ሰዓት ዜና፣ ማስታወቂያው ሲቀነስለት፣ የሚተርፈው 22 ደቂቃ ያህል ነው። ማስታወቂያ የማያስተላልፉትም ቢሆኑ ያላቸው ጊዜ የተወሰነ ነው። የአንድ ቀን ዓለም በዚህች ደቂቃ ውስጥ እንድትገባ የሆነ ሰው መርጦ፣ አሳጥሮና ደርድሮ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ሰው ከመርሳት ይመጣሉ፤ አንዱ ግን እርሱን ከመጠን በላይ ከመጠርጠር ነው።

የመክፈቻውን ዜና የዕለቱ ትልቁ ጉዳይ አድርጎ መቀበል

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሻንቶ ኢየንጋርና ዶናልድ ኪንደር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች እውነተኛ የምሽት ዜናዎችን ወስደው፣ ተመልካቾቹ ሳያውቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሱ ተጨማሪ ዘገባዎችን አስገቡባቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልካቾቹ ያንን ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ የአገር ችግር አድርገው ይቆጥሩት ጀመር። በመክፈቻነት የቀረበ ዘገባ ደግሞ በመሐል ከገባው ይልቅ ተጽዕኖው የበረታ ነበር። ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል ማለት ነው።

አንድ ዜና ግንባር የሚሆነው ግን በክብደቱ ብቻ አይደለም። ትኩስ ምስል መገኘቱ፣ ዘጋቢው በቦታው መድረሱ፣ ተፎካካሪው ጣቢያ ሊይዘው መቻሉ ሁሉ ይቆጠራል። ጥሩ ምስል ያለው እሳት፣ ምስል የሌለውን የበጀት ውሳኔ ሲቀድም ማየት የተለመደ ነው። ጉርብትናም ሌላው ጣጣ ነው። አርታኢዎች ተቀራራቢ ዜናዎችን አከታትለው ማስቀመጥ ይወዳሉ፤ ለጆሮ ይመቻል። ስለ ስደተኞች የሚያወራ ዘገባ ስለ ወንጀል ከሚያወራ ዘገባ ጎን ሲቀመጥ ግን፣ ዜና አንባቢው አንድም ቃል ሳይናገር ተመልካቹ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። የሶቪየቱ የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ያው አንድ ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር ሲቀጣጠል፣ ተመልካቹ በፊቱ ላይ የተለያየ ስሜት ያነባል። ስለዚህ ሁለት ዜናዎች ሲከታተሉ፣ ግንኙነታቸውን በቃል የተናገረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ማንም ካልተናገረው ያገናኟቸው እርስዎ ነዎት።

ያልተዘገበውን እንዳልተከሰተ መቁጠር

ቶማስ አይዘንሴና ዴቪድ ስትሮምበርግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2002 የደረሱ 5 ሺህ ያህል የተፈጥሮ አደጋዎች በአሜሪካ የቴሌቪዥን ዜና እንዴት እንደተስተናገዱ መርምረዋል። በስሌታቸው መሠረት፣ በእሳተ ገሞራ የሞተ አንድ ሰው የሚያገኘውን ያህል የመዘገብ ዕድል ለማግኘት፣ በምግብ እጥረት 40 ሺህ ያህል ሰዎች መሞት ነበረባቸው። እሳተ ገሞራ በአንድ ቀን ፈንድቶ በቀይ ነበልባል ይታያል፤ ረሃብ ግን በወራት ይመጣል፣ ካሜራውም የቱ ቀን ላይ እንደሚደርስ አያውቅም። ይባስ ብሎ፣ አደጋው ከኦሎምፒክ ጨዋታ ጋር ሲገጣጠም የመዘገብ ዕድሉ ይቀንሳል፤ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የመላክ ዕድሉም አብሮ ይቀንሳል። ይህ ግኝት ዜና መረጣን የስቱዲዮ ሰዎች የቤት ጉዳይ አድርገን እንዳናየው የሚያስገድድ ይመስለኛል።

የጊዜውን ሁኔታ አውቀው የሚጠቀሙበትም አሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን ጥቃቱ በደረሰበት ዕለት፣ አንዲት የብሪታኒያ መንግሥት አማካሪ ለባልደረቦቿ በላከችው ኢሜይል፣ ሊደበቅ የሚፈለግ ነገር ካለ ለመልቀቅ ጥሩ ቀን መሆኑን ጻፈች። መልእክቱ በወሩ አፈትልኮ ወጣና ይቅርታ ጠየቀች። ትልቅ ዜና በተሰማበት ቀን በጸጥታ የወጣ መግለጫ ካለ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሶ መፈለጉ አይከፋም።

«በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መደምደም

ካሜራ የሚያሳየው በክፈፉ ውስጥ የገባውን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 2003 በባግዳድ ፊርዶስ አደባባይ የሳዳም ሁሴን ሐውልት ሲወድቅ፣ ቀርበው የተነሡት ምስሎች አደባባዩ በሕዝብ የተጥለቀለቀ አስመሰሉት። ከርቀት የተነሡት ግን ሰፊ ባዶ ቦታ ያሳዩ ነበር። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም፤ በዓለም ዙሪያ ተደጋግመው የታዩት ግን የቀረቡት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። አንድን ድርጊት በሦስት ጣቢያዎች ካየን ሦስት ምስክሮች ያገኘን ይመስለናል። እንደ ሮይተርስና አሶሼትድ ፕሬስ ያሉ የዜና ወኪሎች ግን አንዱን ቀረጻ፣ ምን እንደያዘ ከሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ጋር፣ ለብዙ ጣቢያዎች ይልካሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ድምፅና ቃል ይጨምርበታል። ስለዚህ ማስተያየት ያለብን ቀረጻዎቹን ነው፤ ተመሳሳይ ከሆኑ ምስክሩ አንድ ነው። ከማኅደር የተወሰደ ምስልም በማያ ገጹ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ካልታየች የዛሬ መስሎ ያልፋል።

ቃለ ምልልስም እንዲሁ ነው። ካሜራው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ጠያቂው አንገቱን ሲነቀንቅ የሚታየው ምስል ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሥራው የተናጋሪው ቃል የተቆረጠበትን ቦታ መሸፈን ነው። በራሱ ማጭበርበር አይደለም። መቆረጡን የሚጠቁም ምልክት ግን ነውና፣ ከመነቅነቁ በፊትና በኋላ ያለው ንግግር በእርግጥ የተከታተለ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

ቀጥታ ስርጭትን ከተጣራ ዜና እኩል ማመን

እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 2000 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ምሽት፣ ታላላቆቹ ጣቢያዎች ወሳኟን የፍሎሪዳ ግዛት አል ጎር አሸነፈ አሉ፤ ከዚያ ተመለሱ። ሌሊቱን ጆርጅ ቡሽ አሸነፈ አሉ፤ ከዚያም ተመለሱ። ጉዳዩ የተቋጨው በታኅሣሥ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ያን ሌሊት የነበረው መረጃ ለአንዱም ድምዳሜ አይበቃም ነበር፤ ሌላው ጣቢያ እንዳይቀድማቸው የፈሩት ግን ሁሉም ነበሩ። «ሰበር ዜና» የሚለው ቀይ ጽሑፍ የሚነግረን ዜናው አዲስ መሆኑን ነው፣ መጣራቱን አይደለም። ከጨለማ ሕንጻ ፊት ለፊት የቆመው ዘጋቢም አዲሱን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከኋላው ካለው ሕንጻ ሳይሆን ከዜና ክፍሉ በስልክ ነው።

ጉዳዩን በአንድ ሰው ታሪክ ብቻ መረዳት

ሥራ ስላጣ አንድ አባት የተሠራ ዘገባ ከሥራ አጥነት አኃዝ ይልቅ ልብ ይነካል፤ አዘጋጆችም ይህን ያውቃሉ። ኢየንጋር በኋላ ባካሄዳቸው ሙከራዎች ግን ድህነትን በአንድ ግለሰብ ታሪክ ያዩ ተመልካቾች ኃላፊነቱን ወደዚያው ግለሰብ ሲያዘነብሉ፣ በአጠቃላይ ሁኔታው ያዩት ደግሞ ወደ ማኅበረሰቡና ወደ መንግሥት አዘንብለዋል። ዘገባው ሲያልቅ «እንደዚህ ያሉ ስንት ናቸው? ድሮስ ስንት ነበሩ?» የሚለው ካልተመለሰ፣ የሰማነው ታሪክ ነው፤ ጉዳዩን ገና አልሰማነውም።

የተተወውን ሁሉ ሤራ ማድረግ

ዴቪድ ማኒንግ ዋይት እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው ጥናት የጋዜጣ አርታኢን የሚመለከት ቢሆንም ለቴሌቪዥንም ይሠራል። አርታኢው በአንድ ሳምንት ከዜና ወኪሎች ከደረሰው ውስጥ የተጠቀመበት አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዘጠኙን ለምን እንደጣለ ደግሞ በእጁ ጻፈ። ከምክንያቶቹ አንዳንዶቹ የግል አመለካከቱን ያሳያሉ። እጅግ ብዙዎቹ ግን ቦታ አልነበረም፣ ዘገየ፣ ተመሳሳይ ዜና አስቀድሞ ገብቷል የሚሉ ናቸው። አድልዎን ከአንድ ቀን ዜና ማንበብ አይቻልም። በሳምንታት ውስጥ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚነገርለት፣ የማን ቃል «ገለጹ»፣ የማን ደግሞ «ይላሉ» እንደሚባል ሲደጋገም ይታያል።

መሐሉ ላይ ወደ ሌላ ጣቢያ መቀየር

በዜና አንባቢው ድምፅ ብቻ፣ በሃያ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉት አጫጭር ዜናዎች የሚገኙት ብዙ ጊዜ በዜናው መሐል ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የጸደቀ አዋጅ፣ የተቀየረ ደንብ፤ ካሜራ የሚያነሣው ነገር የሌላቸው ናቸው። ርእሱን በማስታወሻ ይዞ ዝርዝሩን በማግስቱ በጋዜጣ መፈለግ ይቻላል።