የግቢ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ጣጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የግቢ ዛፍ ሲታመም አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናየው ቅጠሉን ነው። ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ፣ ፍሬ አልያዘም ይባልና ማዳበሪያ ይፈለግለታል፣ መድኃኒት ይገዛለታል። በአዲስ አበባም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በአዳማም ሆነ በሐዋሳ ግቢዎች የማያቸው ዛፎች ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዓመታት በፊት መጋዝ ወይም ገጀራ ካረፈበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከቅጠሉ በፊት የድሮ ቁስሎቹን ይመልከቱ። የት ላይ ተቆረጠ? ቅርፊቱ ሸፍኖታል ወይስ እንጨቱ አሁንም ይታያል? ከአጠገቡ ምን በቀለ?

አናቱ ተጎንድሎ እንደ መጥረጊያ የበቀለ ዛፍ

ከሁሉም የበዛው ይሄ ነው። ዛፉ ረዘመ፣ ቤት ላይ ይወድቃል ተብሎ ግማሽ ቁመቱ ላይ ይጎነደላል። ክረምቱ ሲመጣ ከተጎነደለበት ዙሪያ ቀጥ ያሉ ለምለም ቅርንጫፎች ተጨናንቀው ይወጣሉ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ዛፉ ወደ ድሮ ቁመቱ ይመለሳል፤ ያውም ከበፊቱ ጥቅጥቅ ብሎ።

ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን በአንድ ቀን ሲያጣ በግንዱና በሥሩ ያስቀመጠውን ስንቅ አውጥቶ ከቅርፊቱ ሥር ተኝተው የነበሩትን ዓይኖች (የቡቃያ መነሻዎች) ያስነሳል። የሚያሳስበኝ ብዛታቸው ሳይሆን አያያዛቸው ነው። ከጥንቱ አብሮ ያደገ ቅርንጫፍ መሠረቱ በግንዱ እንጨት ውስጥ ዘልቆ የገባ ነው። አቆጥቁጦ የወጣው ግን የያዘው የላይኛውን የእንጨት ሽፋን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ክፍት ቁስል ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይበሰብሳል። ቅርንጫፉ ወፍሮ ክንድ ሲያህል፣ ቅጠሉ ዝናብ ተሸክሞ ንፋስ ሲመታው ከነመነሻው ተገንጥሎ ይወርዳል። ቤቱን ለማዳን የተጎነደለው ዛፍ ለቤቱ የባሰ አደጋ ሆነ ማለት ነው።

መፍትሄው ሁሉንም መልሶ መላጨት አይደለም። ከላጩት ያው ነገር ይደገማል፣ የዛፉ ስንቅም እየመነመነ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ የተጎነደለ ቦታ ጠንከር ያሉ፣ ወደ ውጭ ያዘነበሉና የተራራቁ ሁለት ወይም ሦስት ቅርንጫፎች ይምረጡ። የቀሩትን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዓመት ከፋፍለው ከመነሻቸው ያውጡ። በማንኛውም ዓመት ከዛፉ ሕያው ቅጠል ከሩብ በላይ አይውሰዱ፤ ላረጀ ዛፍ ይህም ይበዛበታል። ተመርጠው የቀሩት ሲከብዱ ጫፋቸውን ማቅለል ያስፈልጋል፤ አያያዛቸው እስኪጠነክር ድረስ ከሥራቸው መኪና አለማቆም ነው።

ዛፉ በእርግጥ ረዝሞ ከሆነስ? ያስቸገረውን ረጅም ቅርንጫፍ ወደ ኋላ ይከተሉትና ከሚቆረጠው ውፍረት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የሚሆን የጎን ቅርንጫፍ ያለበት ቦታ ላይ ያቁሙት። የጎኑ ቅርንጫፍ የጫፉን ሥራ ይረከባል፣ ቁመቱም ይቀንሳል፣ ያ ሁሉ ቡቃያ አይወጣም።

ባህር ዛፍ ከመሬት ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ ያዩ ሰዎች ሁሉም ዛፍ እንዲያ የሚቻል ይመስላቸዋል። አጣና ለሚፈልግ ሰው የባህር ዛፍ ማቆጥቆጥ ሀብት ነው፤ ከጉቶው ከመሬት አጠገብ ስለሚነሳም ሰው አናት ላይ የሚወርድበት ከፍታ የለውም። ግራቪሊያም ቅርንጫፉ ሲመለመል ብዙ ይታገሳል። ወይራን፣ አቮካዶን ወይም ጃካራንዳን በዚያ ሒሳብ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቁስሉ አልሸፍን ያለ፣ የጠቆረ ወይም የተቦረቦረ

ሁለት ዓይነት አቆራረጥ ወደዚህ ያደርሳል። አንደኛው ቅርንጫፉን ራቅ ብሎ ቆርጦ ጉርዱን ማስቀረት ነው፤ ጉርዱ ይደርቅና ብስባሴውን ይዞ ወደ ግንዱ ይገባል። ሁለተኛው፣ ያማረ እየመሰለን ከግንዱ ጋር ልጥፍ አድርጎ መላጨት ነው። ይሄኛው ይብሳል።

ጣትዎን በቅርንጫፉ ላይ ወደ ግንዱ አቅጣጫ ያንሸራቱ። ግንዱ ጋ ሊደርስ ሲል ቅርንጫፉ እብጥ ይላል፤ ቅርፊቱም ሽብሽብ ይላል። ብስባሴ ወደ ግንዱ እንዳያልፍ የሚከለክለው፣ ቁስሉንም ከዳር እየተጠቀለለ የሚሸፍነው ሕዋስ ያለው እዚያ እብጠት ላይ ነው። መቁረጫው መስመር ከእብጠቱ ወዲያ፣ በቅርንጫፉ በኩል፣ እሱኑ ሳይነካ ነው። በትክክል የተቆረጠ ቁስል ዙሪያውን እኩል ቀለበት እየሠራ ይሸፈናል፤ ከግንዱ ጋር ተለጥፎ የተቆረጠው ግን በሁለት ጎኑ ብቻ ይሸፍንና ከላይና ከታች ክፍት ይቀራል። የድሮ ቁስልዎ ቅርጹ እንዲህ ከሆነ ምክንያቱን አገኙት።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ምት ከተቆረጠ ሳያልቅ ይሰበርና የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በሦስት ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ከታች ወደ ላይ እስከ ሲሶው ድረስ ይቁረጡ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ጫፉ ራቅ ብለው ከላይ ወደ ታች ይጨርሱት፤ ክብደቱ ይወርዳል፣ ልጡም ከታችኛው ቁርጥ አያልፍም። በመጨረሻ የቀረውን አጭር ጉርድ ከእብጠቱ ወዲያ በጥንቃቄ ያንሱት። ገጀራና መጥረቢያ እዚህ ቦታ የላቸውም፤ የተፈረካከሰ ቁስል ለመሸፈን ይቸግራል።

ቁስሉን ቀለም፣ ግራሶ ወይም ሬንጅ መቀባት በሰፊው የተለመደ ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ሳይንቲስት የነበረው አሌክስ ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ እየሰነጠቀ አይቶ፣ ዛፍ የተጎዳውን እንጨት እንደማይጠግን፣ ዙሪያውን አጥሮ እንደሚነጥለውና በላዩ አዲስ እንጨት እንደሚያበቅል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ቅባቱ ብስባሴውን አያቆመውም፤ እርጥበት አፍኖ ሊያባብሰው ግን ይችላል። ቁስሉን እንዳለ ይተዉት። በሐምሌና በነሐሴ ግን አይቁረጡ፤ ቁስሉ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ሲውል ፈንገስ ይመቸዋል። የታመመ ዛፍ የነካ መጋዝ ወደ ጤነኛው ከመሄዱ በፊት በአልኮል ይወልወል፤ በአንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃም ይሆናል፣ ብረቱን ስለሚበላ ግን ኋላ ይታጠብ።

አቮካዶው ከተገረዘ ወዲህ ፍሬ የለውም

አቮካዶ የሚያብበው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ነው። ዙሪያውን እኩል ተደርጎ የተከረከመ አቮካዶ አበባው አብሮ ተቆርጧል። ለወደፊቱ ፍሬው እንደተለቀመ ወዲያው፣ አንድ ሁለት ረጃጅም ቅርንጫፎችን ከመነሻቸው እያወጡ ብርሃን ወደ ውስጥ ማስገባት እንጂ ዳር ዳሩን መከርከም አይደለም።

የተዳቀለ (በሌላ አቮካዶ ሥር ላይ የተመረጠ ዝርያ የተገጠመበት) ችግኝ ተክለው ከነበረ ግንዱ ላይ የተዳቀለበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ዝቅ ብሎ ቅርፊቱ የሚቀየርበት ጠባሳ አለው። ብዙ ከተቆረጠ በኋላ ከጠባሳው በታች ተነስቶ ሌላውን የቀደመ ለምለም ቅርንጫፍ ካለ እሱ የእናት ሥሩ ነው፤ የገዙት የሃስ ወይም የፉዌርቴ ዝርያ አይደለም። ሳይወፍር ከመነሻው ያውጡት። ካለፈ፣ ዛፉ ዝርያውን ቀይሯል ማለት ይቻላል።

የግንዱ ወይም የወፍራሞቹ ቅርንጫፎች ቅርፊት ፀሐይ በሚመታው ጎን ጠቁሮ ከተሰነጠቀ ደግሞ በሽታ አይደለም፣ ቃጠሎ ነው። በቅጠል ጥላ ኖሮ የማያውቀው ቅርፊት በአንድ ቀን ተራቁቷል። የተራቆተውን ሁሉ በኖራ ወይም በእኩል ውሃ በቀጠነ ነጭ የውሃ ቀለም ይቀቡት። ከላይ ቁስል አይቀባም ካልኩት ጋር አይጋጭም፤ ይሄ ለጤነኛ ቅርፊት የሚሆን ጥላ ነው።

የጽድ አጥር ቡናማ ሆኖ ቀረ

የፈረንጅ ጽድ ከቡናማው እንጨት አያቆጠቁጥም። አረንጓዴው ሽፋን አልፎ እስከ ደረቁ ድረስ ከተከረከመ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይኖራል፤ ውሃም ማዳበሪያም አይመልሰውም። ያለው አማራጭ ከጎን ያለውን አረንጓዴ ስቦ በሽቦ ማሰር ወይም ነቅሎ መተካት ነው። አጥሩን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፣ አረንጓዴውን ብቻ፣ ታቹ ሰፋ አናቱ ጠበብ እንዲል አድርገው ይከርክሙ፤ አናቱ ከሰፋ ታቹ በጥላ ይደርቃል።

ማንም ሳይነካው ከውስጥ ወደ ውጭ ከቀላ ግን ቅርንጫፎቹን ገለጥ አድርገው የሚያጣብቅ ፈሳሽና ጥቁር ጥላሸት ይፈልጉ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ማላዊ ላይ ታይቶ በምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተው የጽድ ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ተባይ እንዲህ ያደርጋል። የተጠቃውን አውጥቶ ማቃጠል እንጂ መላውን አጥር መከርከም አይጠቅምም።

አናቱ እየደረቀ ወደ ታች ሲወርድ

ይህን ምልክት በመቁረጥ ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የደረቀውን ማንሳት ይቻላል፣ ምክንያቱ ግን ከመሬት ነው። ባለፉት ዓመታት ግቢው ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ እስከ ግንዱ ድረስ ተደርጎለት ነበር? ለቧንቧ ተቆፍሮ ሥሩ ተቆርጧል? አፈር ተሞልቶ ግንዱ ተቀብሯል? ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲነካ ወደ ሥሩ ይሰፋል፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አፈር ከገባ ተቀብሯል ማለት ነው። ሥሩ እስኪሰፋ የሚታይበት ድረስ አፈሩን በእጅ ይግለጡ፣ ሲሚንቶውን በዙሪያው ይስበሩለት። አቮካዶ ከሆነና ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ከቆመ ሥር አበስባሽ ሊሆን ስለሚችል ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይቅደም። ሥሩ የተጎዳን ዛፍ በዚያው ዓመት ከደረቀው በቀር ምንም አይቁረጡበት። ቅጠሉ ያስፈልገዋል።

መጋዝ ሳይነሳ መቆም ያለበት ጊዜ

ከግንዱ ሥር ቅርፊቱ ላይ እንጉዳይ ከወጣ፣ ዛፉ በቅርቡ ካዘነበለና ካዘነበለበት በተቃራኒ መሬቱ ከተነሳ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሁለት እኩል ግንዶች ጠበው በሚገናኙበት ቦታ ስንጥቅ ከታየ መሰላል አይደገፍበት። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ የሚወጣው በገመድና በመታጠቂያ የሚሠራ፣ ቁራጩን በገመድ እያወረደ የሚሄድ ባለሙያ ብቻ ነው።

ቅርንጫፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካ ደግሞ ማንም አይነካውም፤ በደረቅ እንጨት ሊገፋው የሚሞክርም እንዳይኖር። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በጎዳናው የሚያልፈው መስመር 15 ሺህ ቮልት ከሆነማ ሳይነኩት ሊዘል ይችላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 ደውለው መስመሩ እንዲቋረጥ ይጠይቁ፤ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ሥራ አይጀመርም።

ሠራተኛ ሲቀጥሩ

ክፍያው እንጨቱ እንዲሆን አይስማሙ። እንጨቱን ወስዶ የሚሸጥ ሰው ወፍራም ወፍራሙን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ከላይ የዘረዘርኳቸው ብዙዎቹ ጉዳቶች የተወለዱት ግን ከዚህ ውል ነው። በቀን ወይም በዛፍ ዋጋ ተነጋግረው ይክፈሉ፤ እንጨቱ የእርስዎ ይሁን፣ ከፈለጉ ኋላ ይስጡት።

ሥራው ሳይጀመር አብረው ዛፉን ይዙሩትና የትኛው ቅርንጫፍ ከየት እንደሚቆረጥ በጣቱ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። የሚነሱትን በኖራ ወይም በጨርቅ ምልክት ያድርጉባቸው። "አናቱን ላውርድልዎት" ካለ፣ ወይም ግንዱን ለመውጣት ሹል ብረት ጫማው ላይ ካሰረ ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ያ ብረት በሕይወት በሚቆይ ዛፍ ላይ በየእርምጃው ቁስል ይተዋል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲወርድ ሥራውን አስቁመው ቁስሉን ይመልከቱ። እብጠቱ ሳይነካ ከቀረና ልጡ ካልተላጠ ይቀጥል።