«ረብሿል» ብላችሁ አትጻፉ፦ ለጀማሪ የሥነ አእምሮ ነርሶች

በየዓመቱ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች እጄ ላይ ያልፋሉ፤ እወዳቸዋለሁም። የርክክብ መዝገቡን ስከፍት የማገኛት አንዲት ቃል ግን አንገሽግሻኛለች፦ «ረብሿል»። ምን አደረገ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ራሱስ ምን አለ? አልተጻፈም። ቀጣዩ ተረኛ ቃሏን አንብቦ መርፌ ያዘጋጃል።

ይህን የምለው እኔም ስላደረግሁት ነው። ተመርቄ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ከጅማ ዙሪያ ገጠር የመጣ ወጣት ነበረኝ። ሃሎፔሪዶል የተባለውን የሥነ አእምሮ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሚሰማው ድምፅ ቀንሶለታል፤ መቀመጥ ግን አልቻለም። ይነሳል፣ ኮሪደሩን ይመላለሳል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ወዲያው ይነሳል። ቆሞም እግሮቹን እያፈራረቀ ያነሳል። «ረብሿል» ብዬ ጻፍሁና እንደ አስፈላጊነቱ ይሰጥ የተባለውን ተጨማሪ ሃሎፔሪዶል ወጋሁት። ባሰበት። ሲነጋ እናቱ ጠጋ ብለው «ሲስተር፣ ልጄኮ አልረበሸም። እግሩ ነው አላስቀምጥ ያለው» አሉኝ። ያላስተዋልሁትን እሳቸው አይተውታል። አካቲዥያ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው አላስቀምጥ ማለት፣ ነበር፤ መድኃኒቱ ያመጣበትን ጭንቀት በዚያው መድኃኒት አባባስሁት።

ስለዚህ መርፌ ከመቅዳታችሁ በፊት ታካሚውን ጠይቁት። «የሚያስፈራህ ነገር አለ ወይስ እግርህ አላስቀምጥ አለህ?» በሉት። አካቲዥያ ያለበት ሰው መቀመጥ እየፈለገ አይችልም፤ ብዙውን ጊዜም ነገሩ የሚጀምረው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ቀናት ውስጥ ነው። ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም ፕሮፕራኖሎል ሊታዘዝ ይችላል። ፕሮፕራኖሎል ከታዘዘ አስም እንዳለበት ጠይቁ፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ለኩ። «ያልፍለታል» ብላችሁ አትተዉት፤ ስቃዩ ራስን እስከ ማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። መዝገቡም ላይ ያያችሁትን ጻፉ፦ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይመላለሳል፤ ‘እግሬ አላስቀምጥ አለኝ’ ይላል፤ ማንንም አልተሳደበም፣ አልመታም።» ይህን ያነበበ ተረኛ ወደ መርፌው አይሮጥም።

አንገቱ የተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ የተሰቀለ ወጣት ሲመጣ ቤተሰቡ «ጂኒ ነው» ሊል ይችላል። አትከራከሯቸው፤ ምን መርፌ ወይም ክኒን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ጠይቁ። መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ይህ ዲስቶኒያ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር፣ ሊሆን ይችላል። ፕሮሜታዚን በመርፌ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይለቃል። ጉሮሮው ከተያዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ድንገተኛ ነውና ሐኪም ጥሩ። ስህተቱ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው፦ መድኃኒቱን ስትሰጡ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ለቤተሰቡ አለመንገር። ያልተነገረው ቤተሰብ መድኃኒቱን ይጥለዋል፤ እኔ ብሆንም እጥለው ነበር።

ትኩሳት። ከጅማ ወደ ግልገል ጊቤ ወረድ ካላችሁ ወባ አለና ትኩሳት ስናይ እጃችን ወደ ደም ምርመራው ይሄዳል። ይሂድ። ነገር ግን የሥነ አእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው ክንዱን አጠፍ ዘርጋ አድርጋችሁ እዩ። እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ካላበው፣ የደም ግፊቱ ከፍ ዝቅ ካለና ከፈዘዘ ቀጣዩን መርፌ አትስጡ፤ ሐኪሙን አሁኑኑ ጥሩ። ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም የሚባለው፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው ገዳይ ችግር ሊሆን ይችላል። ወባ ተገኘበት ማለት ይህኛው የለበትም ማለት አይደለም።

የአካል ሕመም የአእምሮ ሕመም መስሎ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። እስከ ትናንት ደህና የነበሩ ሽማግሌ ዛሬ ቀኑን ስተው፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያዩ፣ አንዴ ነቅተው አንዴ ፈዘው ከመጡ «ሳይኮሲስ» ብላችሁ ካርድ አታውጡላቸው። መጀመሪያ ስኳር፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ የደም ምርመራ።

ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል ብለው የሚፈሩ ተማሪዎች አሉ። አያመጣም። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ብቻቸውን ሲሆኑ በቀጥታ ጠይቁ። አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገርን ሚስት በባሏ አስተርጓሚነት ይህን መጠየቅ ግን ከንቱ ነው፤ ባልደረባ ፈልጉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ቤት ውስጥ የእርሻ ፀረ ተባይ መኖሩንም ጠይቁ፤ ካለ የሚያስወግደውን ሰው ከቤተሰቡ ለዩ። ለእንዲህ ያለ ሰው ለድብርት የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን የሁለትና የሦስት ወር በአንድ ከረጢት አታስይዙ። ብዙ ከተዋጠ የልብን ምት አዛብቶ ይገድላል። ጥቂት በጥቂት ይሰጥ፤ ቤተሰብም ይያዘው። ለውጥ ለማየት ሳምንታት እንደሚፈጅም ንገሯቸው።

በጸበልም ሆነ በዱዓ ላይ አትዝመቱ። መድኃኒቱ አብሮ ይቀጥል በሉ፤ ይበቃል።

ጫት ላይ ስብከት አታብዙ። ታካሚው «ትቻለሁ» ብሎ ይዋሻችኋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አታውቁም። እኔ የምጠይቀው መቼ እንደሚቅም፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ክኒኑን መቼ እንደሚውጥ ነው። አንዳንዱ የመድኃኒቱ ድብታ ስለከበደው ለመንቃት ይቅማል፤ ለእሱ መፍትሔው ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ካላስተካከላችሁ መድኃኒቱ ለወሩ ይቆማል።

ታካሚው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ አስታማሚውን «ይበላል? ይተኛል?» ብላችሁ መጠየቅ ይቅር።

የመጨረሻው የቀጠሮ ነገር ነው። በየወሩ ፍሉፌናዚን፣ ለሳምንታት የሚቆየውን የሥነ አእምሮ መርፌ፣ የሚወጋ ሰው በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ይጠፋል። «ቸልተኛ» ይባላል፤ እየለቀመ ነው። ዘንድሮ ቀጠሮውን ስጽፍ የገበያ ቀኑን እጠይቃለሁ። ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ ለሚመጡት ሐሙስ ጠዋት አድርጌላቸዋለሁ፤ ቡናቸውን ሳያወርዱ ይወጉና ይሄዳሉ።