አየር የሚስብ የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ፦ ቀዳዳውን እንዴት እናገኘዋለን?

ውሃ ወደ ገንዳው በሚመለስባቸው ቀዳዳዎች አረፋ ከወጣ፣ በፓምፑ ግልጽ ክዳን ሥር አየር ከታየ፣ የማጣሪያው ግፊት መለኪያ ቀስት ከተንቀጠቀጠ ፓምፑ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ውሃ ማንሳት ካቃተውም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሞተሩን ለማስፈታት ግን አይቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ሞተሩን አስፈታሁ፣ የዘንጉን ማሸጊያ አስቀየርኩ፤ ጥፋቱ የተገኘው ግን የመግቢያው ቧንቧ ጥርስ ላይ ነበር።

ፍለጋው ከገንዳው እስከ ፓምፑ ባለው መስመር ላይ ነው። እዚያ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ ቀዳዳው ውሃ ከማውጣት ይልቅ አየር ያስገባል። ከፓምፑ ወዲያ ያለው ቧንቧ ቢቀደድ ግን ውሃ ይረጫል።

መጀመሪያ የገንዳውን ውሃ ይመልከቱ። ስኪመር የሚባለው የግድግዳ መስኮት እስከ ግማሹ ካልተሸፈነ ይሙሉት።

ቀጥሎ ፓምፑን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ የማጣሪያውን የአየር ማስተንፈሻ ከፍተው ቀስቱ ዜሮ መድረሱን ያረጋግጡ። የታመቀ አየር የማጣሪያውን ክዳን አፈናጥሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል ይህን በፍጹም አይዝለሉ። ፓምፑ ከገንዳው ውሃ በታች ከተተከለ ቫልቮቹንም ይዝጉ። ከዚያ የፓምፑን ክዳን ከፍተው የጎማ ቀለበቱን ይጥረጉ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጨፈለቀ ይቀይሩት፤ በሲሊኮን ቅባት ይቀቡት። ቫዝሊን ግን ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል።

አስቸጋሪው መገጣጠሚያዎቹን መፈተሽ ነው። የዘጉትን ቫልቭ ከፍተው ፓምፑን ያስነሱ፤ በውሃ የተነከረ ጨርቅ በአንዱ መገጣጠሚያ ላይ ይጠቅልሉና ክዳኑን እያዩ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። አረፋው ከቀነሰ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ ፓምፑ በአየር ፋንታ የጨርቁን ውሃ እየሳበ ነው። ከፓምፑ መግቢያ ጀምረው በየተራ ወደ ገንዳው ይሂዱ። ሁሉንም በአንዴ ካራሱ የትኛው እንደሆነ አይለዩም። የጺም መላጫ አረፋ የሚቀቡም አሉ፤ እኔ ግን ጨርቅን እመርጣለሁ፤ ዙሪያውን ሁሉ ይሸፍናል። ሞተሩን ውሃ እንዳያገኘው ይጠንቀቁ።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመግቢያው ጥርስ ላይ ነው። ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሠራ ይግላል፤ የፕላስቲኩ ጥርስም ይጣመማል። እኔ ከውጭ ሲሊኮን ለጠፍኩበት፤ ሁለት ቀን ይዞ ለቀቀ። አጥብቆ ማሰርም የፓምፑን አካል ይሰነጥቃል። መፍትሔው ፈትቶ በአዲስ መቀየርና ቴፍሎን መጠምጠም ነው።

በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ይህ ይበልጥ ያሳስባል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ፓምፑ ውሃ የማንሳት አቅሙ ቀድሞውኑ ተቀንሷል፤ ጥቂት አየርም ታክሎበት ሊያቆመው ይችላል።

ጥገናው ሲያልቅ ማስተንፈሻውን ከፍተው ፓምፑን ያስነሱ፤ ውሃ ያለማቋረጥ ሲወጣ ይዝጉት። ማታ ያጥፉትና ጠዋት በክዳኑ ሥር ያለው ውሃ መውረድ አለመውረዱን ይዩ። ፓምፑ ከገንዳው ውሃ በላይ ከተተከለና ውሃው ካልወረደ ቀዳዳው ተደፍኗል።