ዋጋው ሳይነካ የተወደደ ዕቃ፦ በድሬዳዋ አስቤዛ ላይ ብሩንና ክብደቱን አብሮ መከታተል

አምስት ሰው በሚበላበት ቤታችን ሁለት እሽግ መኮረኒ ለአንድ ማታ ይበቃን ነበር። ድስቱ ያው፣ እሽጉም ያው ሁለት፣ በላተኛውም ያው አምስት ሆኖ ሳለ አንድ ምሽት ለመጨረሻው ሰው የቀረበው ሳህን በግማሽ ቀረ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያበሰለችውን ልጄን ነበር፤ በማግስቱ ከቆሻሻ መጣያው ያወጣሁትን ፕላስቲክ ሳነብ ግን 400 ግራም ይላል፣ ዕቃ መቋጠሪያ ይሆነኛል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት የቀድሞው ፕላስቲክ ደግሞ 500 ግራም ይላል። ቀለሙም ሥዕሉም አንድ ነው። ልጄን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

እንዲህ ያለው ለውጥ ከዓይን የሚያመልጠው ሸማቹ ቸልተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብሩን ከባለሱቁ ጋር ስለምንነጋገርበት፣ ስለምንከራከርበትና ከኪሳችን ቆጥረን ስለምናወጣው በአእምሯችን ይቀራል፤ ግራሙን ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ወጪ የጨመረበት አምራች ወይም አስመጪ፣ ሸማቹ አስታውሶ የሚያጉረመርምበትን ቁጥር ከመንካት ይልቅ የማያስታውሰውን መቀነስ ይቀለዋል። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ በሚገባው ዕቃም ሆነ ጥሬ ዕቃው ከውጭ በሚመጣው የአገር ውስጥ ምርት ላይ የወጪው ጫና የታወቀ ነው። ስለዚህ የቤቱን ወጪ በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች፣ ማለትም ብሩንና ክብደቱን፣ አንድ ላይ መያዝ ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተርና ቢቻል ትንሽ የኩሽና ሚዛን ብቻ ነው።

ሁሉንም ወደ ኪሎ መመለስ

ዋናው ሥራ የማንኛውንም እሽግ ዋጋ ወደ አንድ ኪሎ ወይም ወደ አንድ ሊትር ዋጋ መመለስ ነው፤ ብሩን ለግራሙ አካፍሎ በ1000 ማባዛት ይበቃል። ለስሌት እንዲቀል ክብ ቁጥር እንውሰድ። 500 ግራም መኮረኒ 60 ብር ከነበረ ኪሎው 120 ብር ነበር ማለት ነው፤ 400 ግራሙ 65 ብር ሲሆን ኪሎው 162 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። መደርደሪያው ላይ የሚታየው ጭማሪ 5 ብር፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ድስቱ ውስጥ የሚገባው መኮረኒ የተወደደው ግን በ35 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከ500 ወደ 400 ግራም መውረድ የ20 በመቶ ቅነሳ ቢሆንም፣ ብሩ ጨርሶ ሳይነካ እንኳ የኪሎው ዋጋ የሚጨምረው በ25 በመቶ ነው፤ ሁለት ኪሎ ለማግኘት ቀድሞ አራት እሽግ ይበቃ የነበረው አሁን አምስት ይጠይቃልና። በተመሳሳይ መንገድ ኪሎ የነበረው እሽግ 900 ግራም ሲሆን ጭማሪው 11 በመቶ፣ 750 ግራም ሲሆን ደግሞ 33 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ሱቅ ውስጥ ተሰልፎ ስልክ ማውጣት ለሚያሳፍረው ሰው አቋራጭ አለለት። የ250 ግራሙን ዋጋ በ4፣ የ200ውን በ5፣ የ125ቱን በ8፣ የ400ውን በሁለት ተኩል ማባዛት ነው። አስቸጋሪው 450 ግራም ነው፤ ለ9 አካፍሎ በ20 ማባዛትን ስለሚጠይቅ እኔ ራሴ ስልኬን አወጣለሁ።

ደብተሩ ላይ የሚገዛውን ሁሉ ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። የቤቱን አብዛኛውን ብር የሚወስዱ 12 ያህል ዕቃዎችን መምረጥ ይሻላል። በእኛ ቤት እነዚህ ጤፍ፣ ሩዝ፣ መኮረኒ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የልብስ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀኑ፣ የተገዛበት ሱቅ፣ የተከፈለው ብር፣ ክብደቱና የኪሎው ዋጋ ይጻፋል። እሽጉ ሲያልቅ ክብደቱ የተጻፈበትን ጎን በመቀስ ቆርጦ ደብተሩ ውስጥ መለጠፍ ከማንኛውም ማስታወሻ የበለጠ ይጠቅማል፤ ከስድስት ወር በኋላ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ለሚል ሰው የሚታይ ማስረጃ ነው። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ በተለይም በእኛ ሙቀት፣ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር ዋጋ የሚነግር ሱቅ ካለ ደግሞ 15 በመቶውን ደምሮ መመዝገብ ይገባል፤ አለበለዚያ ሁለት ሱቆችን ማነጻጸሩ የተዛባ ይሆናል።

ከዋጋው ጎን ዕቃው የተከፈተበትንና ያለቀበትን ቀን መጻፍም ጥሩ ልማድ ነው። ክብደቱ ሳይቀንስ ጥራቱ የወረደ ዕቃ የሚያዘው በዚህ ነው፤ አረፋው የቀነሰ የዱቄት ሳሙና፣ የቀጠነ የቲማቲም ድልህ፣ ጨው የበዛበት በርበሬ ሁሉም በኪሎ ሲመዘኑ ሙሉ ናቸው፤ የሚያልቁት ግን ቀድመው ነው።

እሽግ ዕቃ ሲገዛ

በመጀመሪያ «የተጣራ ክብደት» የሚለውን መፈለግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሥዕሉ በታች ጥግ ላይ ወይም ከጀርባ በደቃቅ ጽሑፍ ነው። በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ በሚሸጡት አንዳንድ ዕቃዎች ላይ በአረብኛ አኃዝ ብቻ የተጻፈ ያጋጥማል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ከመክፈሉ በፊት ማስነበብ አለበት፤ በድሬዳዋ ደግሞ አንባቢ አይጠፋም። እሽጉ አዲስ መልክ ሲይዝ፣ ጠርሙሱ ወገቡ ሲቀጥን ወይም መቀመጫው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ከረጢቱ በአየር ሲነፋ፣ ያን ጊዜ ግራሙን ደግሞ ማየት ይገባል። «20 በመቶ ነፃ ጭማሪ» የሚል ጽሑፍ የሚያስደስተው ጭማሪው በምን ላይ እንደተደመረ ከታወቀ ብቻ ነው። ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለው እምነትም ሳይሰላ መወሰድ የለበትም።

ዘይት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱ ጀሪካን በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ስለሚጻፍ ነው። የምግብ ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ 5 ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል ሲሆን፣ 5 ኪሎ ዘይት ደግሞ 5 ሊትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። ሁለቱ ጀሪካኖች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በ«5» ቁጥር ቢመሳሰሉም ልዩነታቸው ለብዙ ወጥ ይበቃል። ሌላም ለቆላ ነዋሪ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። ደጋ ላይ የፓልም ዘይት በብርድ ስለሚረጋ ገዢው በዓይኑ ይለየዋል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ሙቀቱ ስለሚያቀልጠው ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የዘይቱን ዓይነት ከጽሑፉ እንጂ ከመልኩ መለየት አይቻልም፤ በፓልም ዋጋና በሱፍ ዘይት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ደረቅ ሳሙና መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር ውሃው ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቤት ተመዝኖ ከተጻፈው ጥቂት ቢጎድል ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። ሶፍት ሲገዛ የጥቅሉ ብዛት አያታልል፤ መሐሉ ላይ ያለው ካርቶን ሰፍቶ ወረቀቱ ላልቶ ሊጠቀለል ስለሚችል የቅጠሉን ብዛት ማንበብ ወይም በእጅ መጨበጥ ነው። በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡ ሳሙናና ቡና በኪሎ ሲሰሉ አብዛኛውን ጊዜ ውድ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የዕለት ገቢ ያለው ሰው የሚገዛበትን መንገድ መንቀፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ዳቦ ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነገር ነው፤ ክብደት ሳይጻፍበት በየቀኑ ስለሚገዛ ሲቀንስ ማንም ምስክር የለውም። አንዱን ዳቦ መዝኖ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፤ በአንድ መጋገሪያ ውስጥም ዳቦዎቹ እኩል አይሆኑም። አሥሩን አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል፣ ይህንንም ሁልጊዜ ጠዋት እንደተገዛ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በደረቁ የድሬ አየር እስከ ማታ የቆየ ዳቦ ከእርጥበቱ ጋር ክብደቱንም ያጣልና። በወር አንድ ጊዜ መመዘን በቂ ነው።

ቀፊራ ላይ፦ ሚዛን፣ ጣሳና መደብ

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ስንገባ የሚነበብ ጽሑፍ የለም። መደብ የሚባለው የቲማቲም ወይም የሽንኩርት ክምር ዋጋው ለወራት ባለበት ሊቆይ ይችላል፤ የሚለወጠው የፍሬው ቁጥርና ትልቅነት ነው። ስለዚህ የተገዛውን መደብ ቤት ወስዶ መመዘንና ከኪሎ ዋጋው ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደረገ በኋላ ዓይን ራሱ ይለምዳል። ጣሳም እንዲሁ ነው። መቀመጫው ወደ ውስጥ የተመታ ጣሳ፣ አናቱ ተከምሮ የሚሰፈርና በአፉ ልክ ተጠርጎ የሚሰፈር ጣሳ በስም አንድ ቢሆኑም በመጠን አንድ አይደሉም። የጣሳውን ሥር በጣት መዳሰስ ነውር የለውም።

በሚዛን ሲገዛ፣ ዕቃው ከመቀመጡ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየትና ከጆንያው ወይም ከሳፋው ጋር አብሮ እንዳይመዘን መጠየቅ ያስፈልጋል። የቤት ሚዛን ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ውሃ ይበቃል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ሲመዘን ከ2 ኪሎ በላስቲኩ ክብደት ብቻ ሊበልጥ ይገባል።

ሰዎች ከቁጥር የማያስገቡት አንድ ጭማሪ ደግሞ አለ፤ እርሱም የምርቃት መቅረት ነው። «አቦ መርቂልኝ እንጂ» ሲባል ሁለት ቃሪያ ወይም አንድ ሎሚ ጣል የምታደርግ ደንበኛ ይህን ካቆመች፣ የኪሎው ዋጋ ባይነካም ገዢው የሚያገኘው ቀንሷል። የጫት ዙርባ ስትቀጥን ሁሉም ሰው ያን ዕለቱን ያውቃል፤ ያንኑ ንቁነት ለሽንኩርቱ ብናውለው ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ።

የአትክልት ዋጋ ሲመዘገብ ወቅቱን አብሮ መጻፍ ግድ ነው። ከሐረማያና ከአካባቢው የሚወርደው ድንችና አትክልት በምርት ወቅት ይረክሳል፣ ያልፍና ይወደዳል። በዚህ ከተማ ሁለት የጾም አቆጣጠር ስላለም ዐቢይ ጾም ሲፈታ የእንቁላልና የሥጋ፣ ረመዳን ሲገባ የቴምርና የዱቄት ፍላጎት ይጨምራል። ስለዚህ የፋሲካን ሳምንት ካለፈው ፋሲካ፣ የረመዳንን ካለፈው ረመዳን ጋር ማነጻጸር ይገባል፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ የወሩ ስም ብቻ አይበቃም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ ግሽበት መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የብዙ ቤቶች አማካይ እንጂ የአንድ ቤት ልክ ስላልሆነ፣ ሩዝና መኮረኒ የሚያዘወትር የድሬዳዋ ቤተሰብ ከደብተሩ የተለየ ቁጥር ቢያገኝ ሊገረም አይገባም።

ካወቁ በኋላ

ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። 400 ግራም ብሎ ጽፎ 400 ግራም የሸጠ አምራች መጠኑን ቀንሷል እንጂ በጽሑፉ አልዋሸም፤ መልሱ ሌላ ዕቃ መምረጥ ነው። 500 ግራም ተብሎ ተጽፎ ሲመዘን 430 ግራም ከተገኘ ግን ጉዳዩ የሸማች መብት ነው። በዋጋም በኩል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ስለሚያስገድድ ዋጋ መጠየቅም ማስጠየቅም ያለ ነው። አቤቱታ ለማቅረብ ያሰበ ሰው እሽጉን ሳይከፍት ከነደረሰኙ ይዞ ወደ ንግድ ቢሮ ይሂድ፤ የተከፈተ እሽግ ምንም አያስረዳም። የሰፈሩን ባለሱቅ ግን ቶሎ መውቀስ አይገባም፤ እርሱም ካርቶኑን ከጅምላ ሻጭ ሲረከብ አልመዘነውም፤ ደብተሩን ሳሳየው እኩል የተደነቀ ባለሱቅ አውቃለሁ።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ ሲሆን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቅንና የእሁድ ገበያን ዋጋ በኪሎ አስልቶ ማየት፣ ወይም ባለ 25 ኪሎ ሩዝ ከጎረቤት ጋር በጅምላ ገዝቶ መካፈል ያዋጣል። ዱቄት ግን በሙቀቱ ቶሎ ስለሚነቅዝ ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ መግዛት የተቆጠበውን ብር መልሶ ይበላል። የሚካፈሉትም ጆንያው ከመፈታቱ በፊት ሙሉውን፣ ከተከፋፈለ በኋላም የእያንዳንዱን ድርሻ መመዘን አለባቸው። እኛ አንድ ጊዜ በሳፋ ገምተን ተካፍለን፣ ለማን እንደጎደለ ከጎረቤቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።