አዲስ ቫይረስ መጣ ሲባል ትልልቅ ሰዎቻችንን እንዴት እናዘጋጅ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ በዜና ሲነገር እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አወረደችና «እንግዲህ ማንም አይመጣም ማለት ነው?» አለችኝ። ያኔ 74 ዓመቷ ነበር፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። እኔ ለሳንባዋ ስፈራ እሷ የበሩን መዘጋት ፈራች።

እኔና እህቶቼ በዚያው ሳምንት ተመካክረን ቡናውን አስቆምን፣ ማህበሩን አስቀረን፣ የልጅ ልጆቿን በመስኮት ብቻ እንድታይ አደረግን። ሁሉንም የወሰንነው ሳናማክራት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ ቀነሰች፤ መድኃኒቷንም «ረሳሁት» ማለት ጀመረች። ቫይረሱ ደጃፋችን ሳይደርስ እናታችን ልትታመምብን ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ነገሩን እንደገና ከእሷ ጋር ስንጀምር የበጀንን አካሄድ ነው። ነገ ሌላ ቫይረስ ቢነሳም ይጠቅማል።

መጀመሪያ፦ ጭንቀታቸውን ጠይቁ

ሳሙናና ጭምብል ልትገዙ ከመሮጣችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡና ምን እንደሚያስጨንቃቸው ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ይለያል። «ታምሜ ሸክም እንዳልሆንባችሁ»፣ «መድኃኒቴ ከገበያ ቢጠፋስ»፣ «ቤሩት ያለችው ልጄ ሥራ ትፈታ ይሆን»፣ «ቀባሪ አጥቼ እንዳልቀር»። እናቴ ሁለት ቀን ዝም ካለች በኋላ ያወጣችው የመጨረሻውን ነው። አርባ ዓመት እድር ከፍላለች። በመጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መሰባሰብ ሲከለከል፣ እሷ ጆሮ የገባው «ብትሞቺ አልቃሽ የለሽም» የሚል ነበር።

እያንዳንዱን ጭንቀት ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከጎኑም ማን ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደሚያደርገው ጻፉ። እኛ የእድሩን ሰብሳቢ ለመንናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው «እድሩ አልፈረሰም፤ ስምዎም መዝገቡ ላይ እንዳለ ነው፤ ሐሳብ አይግባዎት» አሏት። የንስሐ አባቷም በየሳምንቱ ይደውሉላት ጀመር። ያን ዕለት ማታ እራቷን ጨርሳ በላች።

ደግሞ እንዲያወሩ ጋብዟቸው። እናቴ የህዳር በሽታን ከእናቷ ሰምታለች፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የፈጀውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ። ህዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ ህዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። አያቴ በልጅነቷ ያየችውን እናቴ ስትነግረን ድምፅዋ ጠነከረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ጥንቃቄ ላይ ሐሳብ የምታመጣው እሷ ሆነች።

ቀጥሎ፦ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ለዩ

ሁሉም ቫይረስ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ አይፈልግም። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ በዋነኛነት ከምንተነፍሰው አየር ጋር ይሄዳሉ፤ የተዘጋ ክፍልና ብዙ ሰው ይወዳሉ። በህዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የተገኘው ማርበርግ ግን ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው የሚይዘው፤ እዚያ የሚያሰጋው በሽተኛ ማስታመምና አስከሬን ማጠብ ነው። ድሬዳዋ የምታውቀው ደንጊ ደግሞ በቀን በምትናከስ ትንኝ ይመጣል፤ መከላከያው የውኃ በርሜል መክደን ነው። ስለዚህ ስለ አዲሱ በሽታ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በምን ይተላለፋል?» ይሁን።

መልሱን ከጤና ሚኒስቴር ወይም ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ስሙ፤ በኮሮና ጊዜ 8335 ላይ በነፃ ይደወል ነበር። በቴሌግራም የሚዞረውን ድምፅ ማን እንደተናገረው ካላወቃችሁ ለትልቅ ሰው አታስደምጡ። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያላችሁ ልጆችም አደራ፣ የሬሳ ሣጥን የሚታይበት ቪዲዮ ለእናታችሁ አትላኩ። በአንድ የታወቀ ሰዓት በኢሞ ደውላችሁ ፊታችሁን ማሳየት ይበልጥባታል።

ከዚህ በታች ያለው በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችን በብዛት የሚጎዳው እሱ ነውና።

አየሩ፦ «ነፋስ ይመታኛል» ሲሉ

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። እናቴ መስኮት ሲከፈት «ብርድ ይገባኛል፣ ነፋስ ይመታኛል» ትላለች። በዕድሜዋ ያሉ ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ቤቱን ጥርቅም አድርገው ነው የሚውሉት። ክርክር አትግጠሙ፤ ብርዱ እውነትም ያማቸዋል። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ጋቢዋን ደርባ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ያኔ የመኝታ ቤቷን መስኮትና ትይዩ ያለውን በር ለ15 ደቂቃ ወለል አድርገን እንከፍታለን። መጋረጃው ወደ ውጭ ሲሳብ ካያችሁ አየሩ እየወጣ ነው። ከዚያ ዘግተን እሷ ትገባለች። ከሰዓት አንዴ፣ ሰው መጥቶ ከሄደ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ እንደግመዋለን። ቤታችሁ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ነፋሱ በቀጥታ በማያገኛቸው ጥግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጧቸው።

ከሰል ካለ መስኮት መክፈት ሌላም ጥቅም አለው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ በራሱ ሰው ይገድላል። ዕጣን ቫይረስ አይገድልም፤ አስም ያለበትን ግን ያፍናል።

ቡናውን መልሱላቸው፤ ቦታውን ብቻ ለውጡት። የእናቴ ቡና ወደ በረንዳ ወጣ። ሁለት ጎረቤቶች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሲኒ ይዘው፣ ዱካው በሁለት እርምጃ ተራርቆ። መጀመሪያ ቀን እትዬ እያሉ እየተጠራሩ ጮክ ብለው ሲያወሩ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ከተከለከለ ቡና ይልቅ የራቀ ቡና ተስማማን። ሰው ያሳለ፣ ያተኮሰው ወይም አፍንጫው የሚፈስ ከሆነ ግን ያን ቀን አይመጣም፤ የልጅ ልጅም ቢሆን።

ሰላምታው፣ ማዕዱ፣ ደጀ ሰላሙ

ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ይቅር፤ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ድሮም ያለን ሰላምታ ነው። ልጆች ጉልበት ስመው መመረቅ ከፈለጉ ራቅ ብለው ያጎንብሱ፤ ምርቃቱ ይደርሳል። ወረርሽኙ እስኪያልፍ ለትልቁ ሰው ለብቻው ሳህን ይቅረብለት፣ ጉርሻም ይቆይ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከፋት፤ ሁላችንም የየራሳችንን ሳህን ስንይዝ ግን «ለብቻዬ ተገለልኩ» ማለቷን ተወችው።

እጅ መታጠቡን በማንቆርቆሪያ ማስታጠብ ያቀለዋል፤ ውኃው የሚወርድ ነውና። ሳሙናው በጣትና በጣት መካከል ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታሽ። እናቴ ሰዓቱን የምትለካው አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብላ በመድገም ነበር፤ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን ለሚሄዱ፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ሄዶ ከቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር መቆም ይሻላል፤ በሩንም መስቀሉንም በአንገት ዝቅታ መሳለም ይቻላል። መስጊድ የሚሄዱ ውዱእ ቤታቸው አድርገው፣ የራሳቸውን መስገጃ ይዘው ይሂዱ። በታክሲ መስኮት ዳር፣ ከጭምብል ጋር።

መድኃኒቱና መለኪያው

በወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚጎዱት ከጤና ተቋም በመራቃቸው ነው። ክትትል ያስቀራሉ፣ የግፊትና የስኳር ኪኒን ያልቃል፣ «ከሆስፒታል ይዤው እንዳልመጣ» ይላሉ። ገና ወሬው ሲጀመር ሐኪሙን የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት እንዲያዝ ጠይቁ። ኪኒኑን በቀን በቀን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን በአማርኛ ጽፋችሁ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፉ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ ውኃ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ቢያኖረው ከሙቀት ይጠብቀዋል። በረዶ ከሠራ ግን ተበላሽቷል፤ አይወጋም።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከተገኘ መግዛቱ ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ንባብ ቆላ ካለው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ በሆኑበት ቀን ለሦስት ቀን ያህል ለክታችሁ መዝግቡ፤ የእሳቸው ልክ እሱ ነው። ከዚያ በ3 ወይም በ4 ከወረደ ለሐኪም ይደወል፤ ከ90 በታች ከሆነ በዚያው ሰዓት ይሂዱ። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ላይ ቀለም ወይም እንሶስላ ካለ መለኪያው ይሳሳታል። እጃቸውን በእጃችሁ አሙቁና ሌላ ጣት ሞክሩ።

ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ በረኪና

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ከሻይ ጋር ይጠጡ። ፌጦም ዳማ ከሴም የለመዱት ካለ አትቀሟቸው። የምትቆሙት ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የሐኪሙን ኪኒን ትተው በእነሱ ሲተኩና በፈላ ውኃ እንፋሎት ሲታጠኑ። በእንፋሎት የተቃጠለ አረጋዊ ቁስሉ ከጉንፋኑ ይብስበታል። አረቄ ከቫይረስ አይጠብቅም። በ2012 ዓ.ም. ኢራን ውስጥ አልኮል ያድናል ብለው የተመረዘ መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

በረኪና ለወለልና ለበር እጀታ ነው፤ አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውኃ። ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በሳኒታይዘር የተቀባ እጅ ሳይደርቅ ጧፍ አያበራም፣ ከሰልም አያያዝም። እናቴ አንድ ጊዜ ክብሪት ስትጭር እጇ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ዞሮ ጠፋ። አልተጎዳችም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ከምድጃው ራቅ ካለ ቦታ ነው የማስቀምጠው።

ክትባት ሲመጣ

ለኮሮና ክትባት እዚህ መሰጠት የጀመረው በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ጥርጣሬያቸውን በቁጣ አትመልሱ፤ የሚያምኑትን ሐኪም ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አምጡላቸው። በቀጠሮው ቀን ቁርስ ይብሉ፣ መድኃኒታቸውን ይውሰዱ፣ እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ፤ ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ይቀመጡ።

ታመው ከሆነ

ትልቅ ሰው ሲታመም ላያተኩሰው ይችላል። «ትኩሳት የለባትም» ብላችሁ አትዘናጉ። ድንገት መዘባረቅ፣ ያለ ልማድ መውደቅ፣ ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ምግብ እምቢ ማለት የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲናገሩ ትንፋሽ ከቆረጣቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ዕድሜያቸው ገፍቷልና አይተርፉም አትበሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ቤተሰባቸው 114 ዓመት ሞልቷቸዋል ያላቸው አባ ጥላሁን ወልደሚካኤል አዲስ አበባ ውስጥ በኮሮና ታመው፣ ታክመው፣ ድነው ወጥተዋል።

ቤት የሚታከሙ ከሆነ አንድ አስታማሚ ብቻ ይመደብ፤ እሱም ጭምብል ያድርግ። በሩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት። ስልካቸው ቻርጅ ተደርጎ ትራስ አጠገብ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱም ከበሩ ማዶ ስማቸውን ጠርታችሁ አናግሯቸው።

የሆስፒታል ቦርሳውን ዛሬውኑ አዘጋጁ። የመድኃኒት ዝርዝር፣ የክትትል ካርድ፣ መነጽር፣ የጥርስ ዕቃ፣ ቻርጀር፣ ነጠላ፣ የጸሎት መጽሐፍ ወይም መቁጠሪያ። ላዩ ላይ ደግሞ «መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው» የሚል ወረቀት፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ። እናቴ የጻፈችው ቁጥር የእኔ አልነበረም። የአጥር ተጎራባቿን ነው የጻፈችው፤ «አንቺ እስክትደርሺ እሷ ትደርስልኛለች» አለችኝ፤ ወረቀቱንም አጥፋ ነጠላው ውስጥ ከተተችው።