ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳይመሽብህ

ማታ 12 ሰዓት መገናኛ ደርሰህ ሰልፉን ስታይ አትደንግጥ። መጀመሪያ ሰልፉ የየት እንደሆነ ጠይቅ። እኔ አንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሜ፣ ተራዬ ሲደርስ ለካ የአያት ሰልፍ ነው፤ የምሄደው ደግሞ ሜክሲኮ ነበር። "የሜክሲኮ ነው?" ብለህ ብትጠይቅ ማንም አይስቅብህም።

ዝርዝር ያዝ። ጠዋት በጠዋት 200 ብር ስትዘረጋለት የረዳቱ ፊት እንዴት እንደሚለዋወጥ ታውቃለህ። መልስህን ደግሞ ሳትወርድ ተቀበል። አንዳንዱ ለማታውቀው ሰው አንድ ኖት ይሰጥና "ተካፈሉ" ይልሃል፤ ከዚያ ሁለታችሁ ወርዳችሁ ሱቅ ለሱቅ ዝርዝር ፍለጋ ትዞራላችሁ፣ ብሩን የያዘው ሰው ከቸኮለማ በቃ፣ ተወው። ስለዚህ እንዲህ ሲልህ እዚያው መኪናው ውስጥ እያለህ ተሳፋሪውን "ዝርዝር ያለው?" ብለህ ጠይቅ።

መስኮት አጠገብ ከተቀመጥክ ስልክህን ኪስህ ክተት፣ መብራት ላይ ስትቆሙ ከውጭ መንትፎ የሚሮጥ አለ። በር አጠገብ ያለችው ታጣፊ ወንበር ከደረሰችህ ደግሞ ሰው በወረደ ቁጥር መነሳት ነው፣ ትዕግስት ይስጥህ።

መውረጃህ ሳያልፍህ ቀደም ብለህ "ወራጅ አለ!" በል። ጮክ በል እንጂ! በለሆሳስ ብለህ ሙዚቃው ከዋጠህ በእግርህ ትመለሳታለህ።

ሰልፉ ጭራሽ ካልተነቃነቀስ? ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በመገናኛም በሜክሲኮም ያልፋል። መጨናነቁ ያው ነው፣ ግን የመኪና መንገድ አይዘጋውም።