የሚኒ ሚዲያ ክበብ ለተረከባችሁ፦ «ታሪክ በዛሬዋ ዕለት» እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ አንድ ደቂቃ ይሰጠናል። በዚያች ደቂቃ ቀኑን እናስታውሳለን፦ የታላላቅ ሰዎችን ልደት፣ የዓለም በዓላትን፣ የድልና የሐዘን ቀኖችን። አንድ ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ሁለት ሺህ ተማሪ ፀጥ ብሎ ሲሰማችሁ ግን ትልቅ አደራ ናት።

መጀመሪያ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ አትያዙት። መምህር ሲዛወር ስልኩ አብሮት ይሄዳል፤ ደብተር ግን ክበቡ ጋር ይቀራል። ለአሥራ ሦስቱም ወር ገጽ ስጡ። በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀኑ በእኛ፣ ቀኑ በፈረንጅ፣ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንዳገኛችሁት። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት። አንድ ልጅ «ከየት አመጣችሁት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ሊኖራችሁ ይገባል።

ከሁሉም ከባዱ ቀን ማመሳከር ነው። ብዙ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ ጨረስኩ ይላል። እኔ የየወሩ የመጀመሪያ ቀን በፈረንጅ መቼ እንደሚውል ደብተሩ ሽፋን ላይ ለጥፌዋለሁ፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ እያለ ይሄዳል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 (ፌብሩዋሪ 29) ይከተላችኋል፤ ከየካቲት 22 (ማርች 1) ጀምሮ ይስተካከላል። ለምሳሌ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 ነው። በአብዛኛው ዓመት ጥር 7 እናስበዋለን፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጥር 6። አሜሪካ ደግሞ በዓሉን የምታከብረው በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ልደቱ ነው» እና «ዛሬ አሜሪካ በዓሉን ታከብራለች» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

ስለ ዓድዋም በየዓመቱ እጠየቃለሁ። «መጽሐፉ ማርች 1 ይላል፣ እኛ የምናከብረው ማርች 2 ነው፤ ማን ተሳሳተ?» ማንም አልተሳሳተም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ አቆሙት፤ የእኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዓይናቸው ይፈጣል። አንድ ጊዜ አንዷ ተማሪዬ እስከ ረፍት ሰዓት ድረስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስታሰላ አግኝቻታለሁ።

ዒድን፣ ፋሲካን፣ የሕንዶቹን ዲዋሊ፣ የቻይናን አዲስ ዓመት በእርሳስ ጻፉ። ቀናቸው ይዞራል። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ዒድ በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ጨረቃ ሳትታይ ደግሞ «ነገ ዒድ ነው» ብላችሁ አትቁረጡ።

አሁን ከልቤ የምነግራችሁ ነገር አለ። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ነው። በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ሕዝብ የጨረሱበት። ክበቡን በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ተማሪ ማይኩን ይዛ «እንኳን ለሰማዕታት ቀን በሰላም አደረሳችሁ!» አለች። ከፊቱም የደመቀ ዘፈን አስቀድመን ነበር። ሰልፉ ሲበተን በር ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ጥበቃችን ቀስ ብለው መጡ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የለቅሶ ቀን ነው። የአባቴ ወንድም ቤታቸው ውስጥ የተቃጠሉት ያን ዕለት ነው» አሉኝ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ጽሑፉን አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ራሴ ማይክ ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ ወዲህ የሐዘን ቀኖችን በቀይ እስክሪብቶ አሰምርባቸዋለሁ። መጋቢት 29ም ቀይ ነው፤ የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ በ1986 ዓ.ም. የጀመረበት ዕለት ነው። ሩዋንዳውያን መታሰቢያውን «ክዊቡካ» ይሉታል፣ ማስታወስ ማለት ነው። በቀይ ቀን ዘፈን የለም፣ ጭብጨባ የለም። አንብበን እንጨርሳለን፣ ዝም ብለን እንቆማለን።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ የሚያልፉ ቀኖችም አሉ። የኔልሰን ማንዴላ ልደት ሐምሌ 11 ነው። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደ ሰው ነውና ሊቀርብን አይገባም፤ ሰኔ ላይ ከፈተና በፊት እናስበዋለን። የአበበ ቢቂላ የሮም ድል ደግሞ ጳጉሜን 5 ስለሚውል ለመስከረም የመጀመሪያ ሰልፍ አቆየዋለሁ።

ጽሑፉን ስትጽፉ «ዛሬ የእገሌ ቀን ነው፣ በድምቀት እየተከበረ ይገኛል» የሚለውን ተዉት። እዚያው ቦታ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ሆናችሁ ጻፉ። የእኛ እንዲህ ይላል፦

«ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። ሮም መሽቷል። ወታደሮች ለሯጮቹ ችቦ ይዘው ቆመዋል። አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ይሮጣል። ደረቱ ላይ 11 ቁጥር አለ። ኢጣሊያ ከአገሩ የወሰደችው የአክሱም ሐውልት በመንገዱ ላይ ቆሟል። አበበ አልፎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አንደኛ ገባ። በማግስቱ አገር ቤት እንቁጣጣሽ ነበር።»

ይህን በሰዓት ለኩና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከደቂቃ ካለፈባችሁ ከመሃል ቁረጡ፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትንኩ።